መጀመሪያ «ታማለች» ያሉት ማን ናቸው?

«ለሲስተር፤

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ነው። ውሃዬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ፈሰሰ፤ ምጡ እስኪጠና ብዬ ቤት አደርኩና ሲነጋ ሄጄ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ተገላገልኩ። በማግስቱ ወደ ቤት ገባን። አማቴ ሊያርሱኝ ከገላን ጉራ መጥተው ነበር፤ ካዛንቺስ ለልማት ሲነሳ ወደዚያ ሄደዋል። በአምስተኛው ቀን ልጄ ቀኑን ሙሉ ተኛች። ጡት ስሰጣት ትይዝና ትተወዋለች። ጠያቂው ሁሉ ‹እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!› ሲል እኔም ደስ አለኝ። ማታ 2 ሰዓት ላይ አማቴ ገላዋን ዳስሰው ‹ይህች ልጅ ደህና አይደለችም፤ ምች መትቷታል› አሉና ዳማ ከሴ ጨምቀው ግንባሯን ቀቧት፤ በአፏም ጠብ አደረጉላት። ይሻላታል ብለን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ጠበቅን። ማቃሰት ስትጀምር ይዘናት ወጣን። የመጀመሪያው ሆስፒታል አልጋ የለም አለን፤ ሁለተኛው ተቀበለን። ደሟ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል፣ ከጀርባዋ ውሃ ሲወሰድ ደግሞ ማጅራት ገትርም ነው ተባልን። 21 ቀን መርፌ ተወጋች፤ እኔም ኮሪደር ላይ በአግዳሚ ወንበር አደርኩ። በሰባተኛው ቀን ባለቤቴ ‹ድናለች፣ በፊርማ እናስወጣት› ቢለኝም እምቢ አልኩት።

አሁን ትጠባለች፣ ትስቃለች፤ ሐኪሞቹም ደህና ናት ይላሉ። የራሷ ቀኝ በኩል፣ ጉሉኮስ የተተከለበት ቦታ፣ ፀጉሩ ተላጭቶ ገና ብቅ እያለ ነው። አማቴ ሰው እንዳያይባት ኮፍያ ይደፉባታል። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ሌሊት አሥር ጊዜ እየተነሳሁ እጄን አፍንጫዋ ሥር አደርጋለሁ። ሙቀቷን በቀን ዘጠኝ ጊዜ እለካለሁ። ሰው እንዳይነካት ብዬ የ45 ቀን ክትባቷን አላስከተብኳትም። አማቴን ማየት አልቻልኩም፤ እንዲያቅፏትም አልፈቅድም። ባለቤቴ ‹አለፈ እኮ፤ ለምን ትቆፍሪዋለሽ?› ይለኛል። 80 ቀኗ ሊሞላ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ቤተሰቡ ስለ ክርስትና ያወራል፣ እኔ ይቅር እላለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የእሳቸው?

እናት፣ ከአራት ኪሎ»

እንኳን ማርያም ማረችሽ። መዘግየቴን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የገንፎው ድስት ሳይበርድ ወደ ሆስፒታል ስለሮጣችሁ በወጉ ያለሽ ሰው ብዙ አይመስለኝም። አጥሚቷን በፔርሙስ እየተቀበለች ኮሪደር ላይ የምታድር አራስ በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ። ሰው ሲመጣ የሚጠይቀው ልጁን ነው፤ ሴትዮዋ ራሷ ከወለደች ሳምንት እንዳልሞላት የሚያስታውስ የለም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ዓይኔ የሚያርፈው አንድ ቃል ላይ ነው፤ ጨዋ። በእኛ አገር አራስ ቤት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። አታለቅስም፣ አታስቸግርም፣ እናቷን አታስመርርም ማለት ነው። የአምስት ቀን ልጅ ግን ጨዋ አትሆንም። ሥራዋ መጮህና መጥባት ነው። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ ጡት ትፈልጋለች፤ እንቅልፍ ከጣላት ቀስቅሰው ያጠቧታል፤ ተቀስቅሳም አልይዝ ካለች ነገር አለ።

ትልቅ ሰው ኢንፌክሽን ሲይዘው ይተኩሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ «ሞትኩ» ብሎ ቤቱን ይረብሻል። የጨቅላ ሰውነት ለዚህ ሁሉ አቅም የለውም። በሽታ የመከላከል ኃይሉ ገና ስላልጠነከረ ጀርሙ ከደም ተነስቶ የአንጎልን ሽፋን ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ማጅራት ገትር የሚባለው ይህ ነው። ልጁ ሲደክም መጀመሪያ የሚተወው መጥባትን ነው። ትኩሳት ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል፤ እንዲያውም የሚቀዘቅዝ አለ። ለዚህ ነው እኛ ነርሶች ጨቅላ ይዛ የመጣችን እናት ከሁሉ አስቀድመን «ይጠባል?» የምንላት። ሌላው ከዚያ በኋላ ነው፤ ካልነኩት አለመንቀሳቀስ፣ ማንቀጥቀጥ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ክፉኛ ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች መሆን። አንዱ ብቻ ከታየ ሁለተኛው እስኪመጣ አይጠበቅም።

አሁን ብዙ ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የማታ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ሁለት ነርሶች ሆነን አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናት እንጠብቃለን። ጥግ ላይ የተኛ አንድ ወንድ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ድምፁን አላሰማኝም፤ እኔም የሚጮኹትን ሳባብል አነጋሁ። መዝገቡ ላይ በራሴ እጅ «ደህና ተኝቷል» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት የተረከበችኝ ነርስ የእግሩን መዳፍ በጣቷ መታ አደረገችው፤ አላለቀሰም። እንደገና መታችው። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አላለችኝም። ልጁ ተረፈ፤ እኔ ግን ያችን በሰማያዊ ቀለም የጻፍኳትን መስመር ዛሬም አያታለሁ። የተማርኩ፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ፣ ይህንኑ ለማየት ሌሊቱን የተቀመጥኩ ሰው ነበርኩ። አንቺ የመጀመሪያ ልጅሽን ወልደሽ ገና አምስተኛ ቀንሽ ነበር፤ ያውም ቤት ሙሉ ሰው «ጨዋ ናት» እያለሽ።

ውሃሽ ፈሶ ቤት ማደርሽን ጥያቄ እንኳ አላደረግሽውም፤ ሰዓቱን ብቻ ጽፈሽ አለፍሽ። የሚያብሰለስልሽ እሱ መሆኑ አልጠፋኝም፤ ስለዚህ አብረን እንቁጠረው። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት 14 ሰዓት ነው። ሐኪሞች ለልጁ ኢንፌክሽን ይበልጥ የሚሠጉት ከ18 ሰዓት ሲያልፍ ነው፤ ካለፈም በኋላ አብዛኛው ልጅ ሳይታመም ያድጋል። ጀርሙ በወሊድ ጊዜ ከአንቺ ተላልፎ ሊሆን ይችላል፣ ከሰው እጅ ሊሆን ይችላል፣ በእምብርቷ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በአምስተኛው ቀን በታመመ ልጅ ላይ በየት በኩል እንደገባ ለይቶ መናገር ብዙ ጊዜ አይቻልም። ለሚቀጥለው ልጅሽ ግን ውሃ ከፈሰሰ፣ ምጥ መጣም አልመጣም፣ ወዲያው መሄድ ነው። የዚችኛዋንም ሕመም ከመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ጀምሮ ንገሪያቸው።

ወደ አማትሽ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትቀየሚኝ ይሆናል። ያን ቀን ቤትሽ የገባውን ሰው ሁሉ አስቢው። ጎረቤቱም ዘመዱም ልጅቷን አይቶ አመሰገነ፤ አንቺም ባልሽም ደስ አላችሁ። ገላዋን ዳስሶ «ይህች ልጅ ደህና አይደለችም» ያለ ሰው ግን አንድ ብቻ ነው። ራስሽ ጽፈሽልኛል። ስሙን ተሳሳቱ፤ ምች አሉት። መታመሟን ግን አልተሳሳቱም። ሁሉም ጨዋነት ያየበት ቦታ ላይ በሽታ ያዩት እሳቸው ናቸው።

ያደረጉት ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ከማታው 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት አራት ሰዓት ጠፍቷል፤ በዚህ በሽታ አራት ሰዓት ብዙ ነው፤ «ምንም አልነበረም» ብዬ አልዋሽሽም። ዳማ ከሴ ለትልቅ ሰው ራስ ምታት የሚሆነውን ይሁን፤ በጨቅላ አፍ ግን ጠብ አይደረግም። እስከ ስድስት ወር ከጡት ወተትና ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት ሌላ በዚያች አፍ ውሃም፣ ቅቤም፣ ቅጠልም አይገባም። ግን እስኪ በእሳቸው ቦታ ሁኚና እዪው። በወለዱበት ዘመን የሚያውቁት መድኃኒት ጓሮ የበቀለው ነው፤ ሲጨንቃቸው «እስኪ ነይ እያት» ብለው የሚጠሯት ጎረቤት ነበረቻቸው። አሁን ጎረቤቱም ዕድሩም ከካዛንቺስ ጋር ተበትኗል። ያን ማታ የቀራቸው የራሳቸው እጅ ብቻ ነበር፤ እጃቸው የሚያውቀውን አደረገ። እናንተስ ብትሆኑ እሳቸውን ሰምታችሁ አብራችሁ ጠበቃችሁ እንጂ በር የዘጋባችሁ የለም።

ስለዚህ አነጋግሪያቸው፤ ባልሽ በሌለበት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ልጅቷ ስትተኛ። እኔ ብሆን እንዲህ እላቸው ነበር፦ «እማማ፣ ያን ማታ ደህና እንዳልሆነች ያወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ስላዩልኝ አመሰግናለሁ። የጠበቅነው አራት ሰዓት ግን እስካሁን ያቃጥለኛል። ከእንግዲህ እንደዚያ ካዩ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ እንሂድ።» ሁለቱንም በያቸው። ምስጋናውን ብቻ ካልሽ ቂሙ ሆድሽ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወቀሳውን ብቻ ካልሽ ደግሞ እሳቸው ጓዛቸውን ሸክፈው ገላን ጉራ ናቸው፤ ያኔ ባልሽ መሐል ላይ ይቆማል፣ ነገሩም የልጅ ሕመም መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ጠብ ይሆናል።

ለባልሽ ደግሞ ይህን አንብቢለት። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ ያለጊዜ ከመወለድና ሲወለዱ ከመታፈን ጋር ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ ኢንፌክሽን ነው። «አለፈ» የሚለው ነገር ይህ ነው። በሰባተኛው ቀን ድናለች ያለው ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ መድኃኒቱ ሲሠራ ልጅ በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይኗን ትገልጣለች፣ ትጠባለች፤ የዳነች ትመስላለች። በአንጎል ሽፋን ውስጥ ያለው ጀርም ግን መድኃኒት በቀላሉ ስለማይደርሰው ቀኑ ሳይሞላ ካቆሙለት ይመለሳል። በፊርማ ወጥተው በሳምንቱ ተሸክመው የመጡ ወላጆችን ተቀብዬ አውቃለሁ። አንቺ እምቢ ብለሽ 21 ቀኑን አስጨርሰሻል። «ጥፋቱ የማን ነው?» ብለሽ ስትጽፊልኝ ይህንን በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ በእኔ መዝገብ ግን ትልቁ ነገር እሱ ነው።

በክትባቱ ነገር ግን አልደግፍሽም። ልጅሽን ከበሽታ ልሰውር ብለሽ ከበሽታ የሚጠብቃትን መርፌ ነው ያስቀረሽባት። በ45ኛው ቀን ከሚሰጡት መካከል የኒሞኮካል ክትባት አለ፤ ከአምስት በሽታዎች በአንድነት የሚከላከለው ፔንታቫለንትም አለ። እነዚህ ሁለቱ ማጅራት ገትር ከሚያመጡ ጀርሞች ዋና ዋናዎቹን ይከላከላሉ። ታምማ መዳኗ ክትባት አይከለክላትም። ዘገየሽ ብሎ የሚመልስሽም የለም፤ ከዛሬ ጀምረው ቀጣዩን ቀጠሮ ይጽፉልሻል፤ በጤና ጣቢያ ክፍያ የለውም። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፣ አለበለዚያ ሌሊት ራስሽን ስተሽ ትሮጫለሽ፤ የተወጋች ዕለትና በማግስቱ ሰውነቷ ሊሞቅ፣ ልትነጫነጭ ትችላለች። እየጠባች ከሆነ ይህ የክትባቱ ነው። መጥባት ካቆመች፣ ስትቀሰቅሺያት ከፈዘዘች፣ ወይም ሙቀቷ 38 ከደረሰ (ለእነዚህ ሁለት ቀናት ብቻ ነው ከ37.5 ከፍ ያደረግኩት) ግን የክትባት ነው ብለሽ ቤት አትቀመጪ።

ቀጣዩን አንቀጽ አዲስ ጭንቀት እንዳልጨምርብሽ ፈርቼ ሰርዤው ነበር፤ መልሼ ጻፍኩት። ማጅራት ገትር የያዘው ልጅ የመስማት ችሎታው መመርመር አለበት። በሽታው ራሱ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ ለጨቅላ ሕፃናት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ጄንታሚሲንም አልፎ አልፎ ይነካዋል። ምን እንደተሰጣት ከሆስፒታል የወጣችሁበት ወረቀት ላይ ተጽፏል። ምርመራው ከተሠራ መልካም፤ ካልተሠራ በሚቀጥለው ቀጠሮ «የጆሮ ምርመራ ይታዘዝላት» በይ። የራሷንም ዙሪያ በሜትር ይለኩላት፤ በየቀጠሮው ማደጉን ይከታተላሉ። በድምፅሽ ዞር የምትል፣ ስታዋሪያት የምትስቅ ልጅ ደስ የምታሰኝ ናት፤ ቢሆንም ምርመራውን አይተካም።

ያንቺ ነገር ደግሞ አለ። ሕፃን ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ለጥቂት ሰከንድ ያዝ አድርጎ ከዚያ ፈጠን ፈጠን ማድረጉ የተለመደ ነው፤ እጅሽን አፍንጫዋ ሥር ስታደርጊ ያቺን ዝም ያለችባትን ቅጽበት እያገኘሽ ነው የምትደነግጪው። ዘጠኝ ጊዜ መለካቱን ለሁለት አውርጂው፤ ጠዋትና ማታ። በሚቀጥለው ሳምንት እሱንም ትተሽ ገላዋ ሲሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ ወይም አልጠባም ስትል ብቻ ለኪ። ይህን ሞክረሽ እጅሽ አልታዘዝ ካለሽ፣ ሌላ ሰው እየጠበቃት እንኳ እንቅልፍ ካልወሰደሽ፣ ያ ሌሊት እንደ አዲስ እየመጣ ላብ ካጠመቀሽ፣ ወይም ሕይወትሽን የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ነው። ለክትባት በምትሄጂበት ጤና ጣቢያ ለነርሷ ንገሪያት፤ ብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች ውስጥም የአእምሮ ጤና ተመላላሽ ክፍል አለ። አማኑኤል የሚለውን የአእምሮ ሆስፒታል ስም ስድብ አድርገነው ስንቷን አራስ ቤት ውስጥ አስቀረን! ጡት እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒትም አለ፤ ወተቴን ያበላሽብኛል ብለሽ አትቅሪ።

ክርስትናው? እኔ አታስተላልፊው ባይ ነኝ። ያን ዕለት ከታመመች ማንም አይቀየምሽም፤ ጤነኛ ከሆነች ግን ፍርሃት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ለአንቺም ከወሊድ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የምትገቢበት ቀን ነው። ስለ ውሃው ቅዝቃዜ ካህኑን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ወፍራም ፎጣና ደረቅ ልብስ ለክርስትና እናቷ ስጫት፣ ቶሎ አድርቃ ትጠቅልላት። ቤት ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሰው ከሩቅ ይመርቃት፤ ፊቷን የሚስም አይኑር። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ከሆነ አንድ ጄሪካን ሞልተሽ ከሳሙና ጋር በሩ አጠገብ አስቀምጪ፤ የሚያቅፋት ሁሉ ታጥቦ ይቀፋት። ኮፍያውን ለብርዱ ከሆነ ይሁን፤ ለሰው ዓይን ከሆነ አውልቂላት። ያቺ የተላጨች ቦታ የምታሳፍር አይደለችም፤ የጠየቀ ካለ ምን እንደሆነች ንገሪው፤ ምናልባት እሱም ቤት ጨዋ ልጅ ተኝታ ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ አለ። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት እማማን ይዘሽ ሂጂ። ልጅቷን እሳቸው ይቀፏት፣ አንቺ ካርዱን ያዢ። ነርሷ «ታማ ታውቃለች?» ብላ ስትጠይቅ መጀመሪያ እሳቸው ይናገሩ። ቤት ስትገቡ ቴርሞሜትሩን ስጫቸው፤ በብብት እንዴት እንደሚያዝ አሳያቸው። ሁለቱን ቁጥሮች፣ 37.5 እና 35.5፣ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አልጋው ራስጌ ለጥፊላቸው። ዓይናቸው ደከም ካለ በትልቁ ጻፊው።